በኢንተርኔት ለሚሸጥ አነስተኛ ንግድ የተገዙ ዕቃዎች፦ የትኛው ወጪ ከገቢ ላይ ይቀነሳል?

ጥያቄ — ጀማሪዋ ሰፊ

ሰላም ለሁላችሁ። በእጄ የምሰፋቸውን የቆዳ ቦርሳዎች በኢንተርኔት መሸጥ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእነሱ ጎን ለጎንም በጅምላ የገዛኋቸውን 100 የኪስ ቦርሳዎች እየቸረቸርኩ እገኛለሁ። የመጀመሪያውን ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ የማቀርብበት ጊዜ እየተቃረበ በመምጣቱ የዓመቱን ግዢዎቼን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለመለየት ብሞክርም፣ የትኛው ከገቢዬ ላይ እንደሚቀነስና የትኛው እንደማይቀነስ መወሰን አቅቶኛል።

ሥራውን ስጀምር አንድ የቆዳ መስፊያ ማሽን ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ቆዳ፣ ክር፣ ዚፕና ሙጫ በየጊዜው ስገዛ ቆይቻለሁ፤ ከቆዳው ሲሶ የሚሆነው ገና አልተነካም። ከኪስ ቦርሳዎቹ ውስጥ እስካሁን የሸጥኩት 60ዎቹን ብቻ ነው። ከእነዚህ ሌላ የመላኪያ ካርቶንና ማሸጊያ ቴፕ፣ ለፎቶግራፍ የሚሆን መብራት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያወጣኋቸው ማስታወቂያዎች፣ ለመሸጫ ድረ ገጹ የምከፍለው ኮሚሽን፣ እንዲሁም ሽያጭ ከመጀመሬ ከሁለት ወር በፊት የወሰድኩት የቆዳ ስፌት ሥልጠና ክፍያ አለ።

ከጓደኞቼ አንዷ ለንግዱ በከፈትኩት የባንክ ካርድ የተገዛ ነገር ሁሉ ይቀነሳል ትላለች። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ደረሰኝ እስካለው ድረስ ማንኛውም ነገር ይቀነሳል፣ ካርዱ ምንም አያደርግም ይላል። ይኸው ጓደኛዬ ዓመቱ ሳያልቅ አዲስ ኮምፒውተር ብገዛ ግብሬ እንደሚቀንስልኝም መክሮኛል፤ እኔ ግን የድሮው ኮምፒውተሬ ገና በደንብ ይሠራልኛል። የማይገባኝን ቀንሼ በኋላ ከመጨነቅም፣ የሚገባኝን ባለማወቅ ከመተውም መዳን ስለምፈልግ የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


መልስ — የሒሳብ ሠራተኛው

ውድ ጠያቂ፣ ግዢዎችዎን በዚህ መልክ ዘርዝረው ማቅረብዎ ሥራውን አቅልሎልናል። ሁለቱም ጓደኞችዎ የሚነግሩዎት ስለ ማስረጃ ነው። የንግድ ካርድም ሆነ ደረሰኝ ገንዘቡ መውጣቱን ያሳያል፤ የግብር ሕግ ግን ከዚያ አስቀድሞ ገንዘቡ ለምን ወጣ ብሎ ይጠይቃል። የአሜሪካ ሕግ ወጪው በዘርፉ የተለመደና ለሥራው የሚያስፈልግ መሆን አለበት ይላል። የብሪታንያ ሕግ ወጪው ሙሉ በሙሉና ለንግዱ ብቻ ተብሎ የወጣ እንዲሆን ይጠይቃል። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ገቢውን ለማግኘትና ሥራውን ለማስቀጠል አስፈላጊ የሆነውን ወጪ ይቀበላል። አነጋገሩ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ግዢውን ከሽያጩ ጋር የሚያገናኝ ምክንያት ማቅረብ ያልቻለ ሰው በየትኛውም አገር ወጪውን ማስቀነስ አይችልም። በንግድ ካርድ የተገዛ የቤት ቴሌቪዥን የቤት ዕቃ ከመሆን አይድንም፤ በግል ካርድዎ የተገዛ ቆዳም ለቦርሳ እስከዋለ ድረስ የንግድ ግዢ ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መቼ ይቀነሳል የሚለው ሲሆን፣ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ግዢዎችዎን ለሽያጭ የተገዛ ወይም ወደ ሽያጭ ዕቃ የሚለወጥ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ ለዓመታት የሚያገለግል ብለው እንዲለዩዋቸው እመክራለሁ።

የኪስ ቦርሳዎቹ ለሽያጭ የተገዙ በመሆናቸው ገንዘቡን በከፈሉበት ዓመት ሙሉ ዋጋቸው አይቀነስም። ዋጋው ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ ከክምችቱ ጋር ይቆያል፤ ሲሸጥ የዚያ ዕቃ ወጪ ብቻ ከሽያጩ ገቢ ላይ ይነሳል። ለአብነት ያህል አንዱን የኪስ ቦርሳ በ50 ገዝተው፣ 100ዎቹን ለማስመጣት በማጓጓዣና በቀረጥ 600 ከፍለው ቢሆን፣ የአንዱ ዋጋ 50 ሳይሆን 56 ነው፤ ዕቃው እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ የወጣበት ወጪ ሁሉ የዋጋው አካል ነውና። 60 ከሸጡ የሚቀነሰው 3,360 ይሆናል፤ የቀሪዎቹ 40 ዋጋ የሆነው 2,240 ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የክምችት ዋጋ ተብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። አንዳንድ አገሮች በጣም አነስተኛ ለሆኑ ነጋዴዎች የተከፈለውን በተከፈለበት ዓመት እንዲቀንሱ ይፈቅዳሉ፤ ይህ በሕግ በግልጽ ካልተፈቀደልዎ ግን መደበኛው አሠራር ያልኩት ነው።

ይኸው ደንብ ቆዳውን፣ ክሩንና ዚፑንም ይመለከታል። ወደ ቦርሳነት ተለውጦ የተሸጠው ቆዳ ይቀነሳል፤ ያልተነካው ሲሶ፣ ተቆርጦ ያልተሰፋውና ተሰፍቶ ያልተሸጠው ክምችት ነው። እዚህ ላይ ብዙ የእጅ ባለሙያዎች የሚያዝኑበት አንድ ነገር አለ፤ ቦርሳውን ለመስፋት ያጠፉት የራስዎ ጊዜ በዋጋ ተተምኖ እንደ ወጪ አይያዝም። ለሌላ ሰው የከፈሉት የስፌት ክፍያ ወጪ ነው፤ ለራስዎ የሚወስዱት ገንዘብ ግን፣ ንግዱ በግለሰብ ስም የተመዘገበ እስከሆነ ድረስ፣ ከትርፍ ላይ እንደተወሰደ ይቆጠራል። የሰው ድካም ከቁጥር ውጪ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ሆኖም ያልተከፈለ ደመወዝ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ስላልተከፈለበት እንደ ወጪም አይነሳም።

ካርቶን፣ ቴፕ፣ የማስታወቂያ ክፍያና ኮሚሽን ቶሎ የሚያልቁ ስለሆኑ በዓመቱ ውስጥ የዋሉት በሙሉ ይቀነሳሉ፤ በእነሱ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ማሽኑ ግን ለዓመታት የሚያገለግል ስለሆነ ዋጋው በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ተከፋፍሎ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል። 12,000 የወጣበትን ማሽን ለአራት ዓመት በእኩል ቢያከፋፍሉት በየዓመቱ የሚቀነሰው 3,000 ነው፤ በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ ብዙ ሕጎች ለመጀመሪያው ዓመት የግማሹን ብቻ ይፈቅዳሉ። የመቶኛው መጠንና የዓመታቱ ብዛት በየአገሩ በሕግ የተወሰነ ነው። ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ መቀነስ የሚፈቅዱ ሕጎችም አሉ፤ በአሜሪካ ለምሳሌ የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ የሌለው አነስተኛ ነጋዴ በአንድ ዕቃ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስን ግዢ በዚያው ዓመት ወጪ አድርጎ ለመያዝ መምረጥ ይችላል። በአገርዎ እንዲህ ያለ የዋጋ ገደብ ካለ፣ የፎቶ መብራትዎ ከእሱ በታች ሳይሆን ስለማይቀር በአንድ ጊዜ ይቀነሳል።


መልስ — የመጻሕፍት ሻጭ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ያገለገሉ መጻሕፍትን ለስምንት ዓመት በኢንተርኔት ስሸጥ በራሴ ላይ ከደረሰው ልጨምር።

በመጀመሪያ ስለ ኮምፒውተሩ። እባክዎ ግብር ለመቀነስ ብቻ ብለው አይግዙት። ተቀናሽ ወጪ የሚቀንሰው ግብር የሚከፈልበትን ትርፍ እንጂ ግብሩን ራሱን አይደለም። የሚከፍሉት ግብር ከመቶ 20 ነው ብለን ብናስብ፣ 1,000 ሲያወጡ ግብርዎ በ200 ይቀንሳል፤ 800ው ግን ከእጅዎ ወጥቶ አይመለስም። በዚያ ላይ ኮምፒውተር ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት የተገዛው ለዚያ ዓመት የሚሰጠው ቅናሽ እጅግ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ወር የግድ የሚያስፈልግዎ ካርቶን ወይም ማስታወቂያ ካለ ክፍያውን ጥቂት ቀን ማስቀደም ሌላ ነገር ነው፤ የማያስፈልግን ዕቃ መግዛት ግን ኪሳራ ነው፤ ይህን የምለው እኔም በሁለተኛው ዓመቴ እንዲህ ባለ ምክር ማተሚያ ማሽን ገዝቼ ስላየሁት ነው።

ሁለተኛው ስለ ኮሚሽኑ ነው። የመሸጫ ድረ ገጹ ወደ ባንክዎ የሚልክልዎት ገንዘብ ኮሚሽኑና የክፍያ ማስተላለፊያው ተቆርጠው የቀረው መሆኑን ልብ ይበሉ። ዕቃው በ1,000 ተሸጦ 120 ለኮሚሽን፣ 30 ለክፍያ ማስተላለፊያ ከተቆረጠ ባንክዎ የሚገባው 850 ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ባንክ የገባውን 850 ገቢ ብዬ መዘገብኩና በዓመቱ መጨረሻ 150ውን እንደገና በወጪነት ቀነስኩት፤ በዚህም አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ መቀነሴን ሳላውቅ ቀረሁ። ትክክለኛው አያያዝ 1,000ውን ገቢ፣ 150ውን ወጪ አድርጎ መመዝገብ ነው። ይህ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያሳስባል፤ ድረ ገጾቹ ራሳቸው የሻጮቻቸውን ሽያጭ ለግብር ሰብሳቢው ያሳውቃሉና። በአሜሪካ የሚላከው ቅጽ 1099-ኬ የሚያሳየው ክፍያዎች ከመቆረጣቸው በፊት ያለውን ጠቅላላ መጠን ነው፤ በአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ድረ ገጾች ስለ ሻጮቻቸው መረጃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የእርስዎ መዝገብና የድረ ገጹ ሪፖርት ካልተመሳሰሉ ጥያቄው የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው።

ሦስተኛው የማስረጃ ነገር ነው፤ እኔን በጣም ያስከፈለኝም እሱ ነው። መዝገቤ በአራተኛው ዓመት በተመረመረበት ጊዜ ግዢዎቼ ሁሉ እውነተኛ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በሙቀት በሚታተም ወረቀት ላይ የተሰጡኝ ደረሰኞች ነጥተው ምንም የማይነበብባቸው ሆነው አገኘኋቸው። የባንክ መግለጫዬን ባቀርብም፣ መግለጫው ገንዘብ ለማን እንደተከፈለ እንጂ ምን እንደተገዛ ስለማያሳይ አልበቃም፤ ብዙ ወጪም ውድቅ ተደረገብኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ደረሰኝ በተቀበልኩበት ቀን ፎቶ አነሣለሁ፤ ከጎኑም ዕቃው ለምን እንደተገዛ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ከኢንተርኔት ስገዛ የትእዛዝ ማረጋገጫ ኢሜይሉን ብቻ ይዤ አልቀመጥም፤ አንዳንድ ዕቃ ሳይመጣ ስለሚቀር፣ ዋጋውም ሊስተካከል ስለሚችል ዕቃው ከተላከ በኋላ የሚወጣውን ሕጋዊ ደረሰኝ አወርዳለሁ፤ የመግዣ አካውንቴንም በንግዱ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አስተካክያለሁ። የተመለሰ ዕቃ ካለ ገንዘቡ የተመለሰበትን ሰነድ ከዋናው ደረሰኝ ጋር አያይዛለሁ።

ሰነዶቹ የሚቆዩበትን ጊዜም ከአገርዎ ሕግ አረጋግጡ። በካናዳ ከግብር ዓመቱ ፍጻሜ ጀምሮ ስድስት ዓመት ነው፤ በሌሎች አገሮች ያነሰም የበለጠም አለ። ለማሽን ያለው ደረሰኝ ደግሞ የእርጅና ቅናሹ በሚታሰብባቸው ዓመታት ሁሉ አስፈላጊ ስለሆነ፣ የጊዜ ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው ቅናሽ ከታሰበ በኋላ እንደሆነ አድርገው ያስቀምጡት።


መልስ — ጥንቁቋ ነጋዴ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። በአገርዎ አነስተኛ ግብር ከፋዮች የሚከፍሉት በትርፍ ላይ ነው ወይስ በዓመታዊ ሽያጭ ላይ? በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች በርካታ አገሮች ለአነስተኛ ነጋዴዎች በሽያጭ መጠን ላይ የተመሠረተ ቀለል ያለ አከፋፈል አለ፤ በዚያ ሥር የሚወድቅ ሰው ወጪን በመለየት ቢደክምም የግብሩ መጠን አይለወጥም። በብሪታንያ ደግሞ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሻጩ 1,000 ፓውንድ ከገቢው ላይ በደፈናው መቀነስ ይችላል፤ ይህን ከመረጠ ግን ትክክለኛ ወጪዎቹን በተጨማሪ መቀነስ አይፈቀድለትም። ወጪዎ ከተፈቀደው የደፈና ቅናሽ ያነሰ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ይሻላል።

ሥልጠናውን በተመለከተ ጠንቀቅ ይበሉ። ሰው ያለውን ሙያ ለማሻሻል የሚወስደው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ይቀነሳል፤ አዲስ ሙያ ለመጀመር የሚወስደው ግን በብዙ ሕጎች የግል ወጪ ተደርጎ ይታያል። የእርስዎ የተወሰደው ንግዱ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ ያስነሣል። ከመጀመሩ በፊት መውጣቱ ብቻውን አያስጥለውም፤ በብሪታንያ ንግዱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሰባት ዓመታት የወጣ ተገቢ ወጪ በመጀመሪያው ቀን እንደወጣ ይቆጠራል። የሚከብደው የሙያው ጉዳይ ነው፤ ከሥልጠናው በፊት ቆዳ ሰፍተው የማያውቁ ከሆነ እኔ ብሆን አልቀንሰውም።


ከጠያቂዋ — ጀማሪዋ ሰፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጣርቼ የምከፍለው በትርፍ ላይ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሥልጠናውንም ትቼዋለሁ፣ እውነትም ከዚያ በፊት መርፌ ይዤ አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩንም አልገዛም።

ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። ሥራውን የምሠራው ከቤቴ አንዱን ክፍል ለይቼ ነው፤ ስልኬንና ኢንተርኔቱን ግን ለግልም ለሥራም እጠቀምባቸዋለሁ። የድሮው ኮምፒውተር የተገዛው ንግዱን ከመጀመሬ ከሦስት ዓመት በፊት ለግል ነበር። በመጨረሻም፣ በምክራችሁ መሠረት የኪስ ቦርሳዎቹን ስቆጥር 40 ይቀራሉ ብዬ ስጠብቅ 37 ሆነው አገኘኋቸው። ሁለቱን ለእኅቴ የሰጠኋት መሆኑ ትዝ ብሎኛል፤ አንደኛው ደግሞ ውኃ ፈስሶበት ለሽያጭ የማይሆን ሆኗል። እነዚህን እንዴት ላድርጋቸው?


መልስ — የሒሳብ ሠራተኛው

ለግልም ለሥራም የሚውል ነገር የሚቀነሰው ለሥራ በዋለው መጠን ነው፤ መጠኑን ግን በግምት ማስቀመጥ አይገባም። ለስልኩና ለኢንተርኔቱ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ያህል ለሥራ የተጠቀሙበትንና ለግል የተጠቀሙበትን ሰዓት በማስታወሻ ይያዙ። ከጠቅላላው ከመቶ 60 የሚሆነው የሥራ ሆኖ ከተገኘ፣ ወርሃዊ ክፍያው 400 ቢሆን የሚቀነሰው 240፣ በዓመት 2,880 ነው። ማስታወሻውን ራሱን ያስቀምጡት፤ መርማሪ ከመቶ 60 የሚለው ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስልዎ እሱ ነውና። እንዲህ ዓይነት ልዩ ማስታወሻ የሌለው ሰው ከመቶ 90 ወይም 100 ብሎ ሲያቀርብ አይቻለሁ፤ እንዲያ ያለው ቁጥር የስልኩን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ወጪዎች ታማኝነት ጥያቄ ውስጥ ይከታል።

ክፍሉ በስፋት ይታሰባል። ቤቱ 80 ካሬ ሜትር፣ ክፍሉ 12 ካሬ ሜትር ከሆነ ድርሻው ከመቶ 15 ነው፤ ከኪራዩና ከመብራቱ ይህን ያህል ይቀነሳል። ክፍሉ ለሥራ ብቻ የተለየ መሆኑን አንዳንድ ሕጎች አጥብቀው ስለሚጠይቁ፣ ማታ ማታ እንግዳ የሚተኛበት ከሆነ መብቱን ሊያጡ ይችላሉ። በአሜሪካ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኪራይ ሰነድ ሳያገላብጡ በአንድ ካሬ ጫማ 5 ዶላር፣ እስከ 300 ካሬ ጫማ ድረስ ማሰብ የሚቻልበት ቀላል መንገድም አለ። ቤቱ የራስዎ ከሆነ ግን ከመቀነስዎ በፊት ባለሙያ ያማክሩ፤ የንግድ ድርሻ ተብሎ የተያዘው ክፍል ቤቱ በሚሸጥበት ጊዜ ግብር ሊያስከትል ይችላል።

የድሮው ኮምፒውተር ወደ ንግዱ መግባት ይችላል። ነገር ግን የሚገባው ከሦስት ዓመት በፊት በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን፣ ለሥራ በዋለበት ቀን በነበረው የገበያ ዋጋ ነው ብለው ይያዙት። በዚያ ሰሞን ተመሳሳይ ያገለገለ ኮምፒውተር በስንት ይሸጥ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ፈልገው ከመዝገቡ ጋር ያኑሩ፤ የእርጅና ቅናሹም ከዚያ ዋጋ ላይ፣ ለሥራ በዋለው ድርሻ ልክ ይታሰባል።

አንድ ያልተጠየቀ ነገር ልጨምር። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ከሆነና በግዢ ላይ የከፈሉትን ታክስ የሚያካክሱ ከሆነ፣ በወጪነት የሚይዙት ከታክሱ በፊት ያለውን ዋጋ ብቻ ነው፤ ታክሱን ከመንግሥት አካክሰው በወጪነትም ከቀነሱት አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ወሰዱ ማለት ነው። ካልተመዘገቡ ታክሱ የዕቃው ዋጋ አካል ሆኖ አብሮ ይያዛል። ማስታወቂያውን የከፈሉት ለውጭ አገር ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ክፍያውን በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ ወደ አገርዎ ገንዘብ ይለውጡት፤ የምንዛሪው ምንጭም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን።

የጎደሉትን ሦስት ቦርሳዎች አንድ ላይ አይደምሯቸው። ለእኅትዎ የሰጧቸው ሁለቱ ከንግዱ ወጥተው ለግል የዋሉ ስለሆኑ ዋጋቸው፣ ማለትም ቀደም ባልኩት ምሳሌ 112፣ በወጪነት አይቀነስም፤ የንግዱ ባለቤት ለራሷ የወሰደችው ተብሎ ይመዘገባል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ በተመዘገበ ሰው ላይ እንዲህ ያለው ስጦታ እንደ ሽያጭ ታክስ ሊታሰብበት እንደሚችልም ይወቁ። ውኃ የፈሰሰበት አንዱ ግን የንግዱ ጉዳት ነው፤ ዋጋው የሆነው 56 ይቀነሳል። ስለዚህ ከ5,600ው ውስጥ 3,360 ለተሸጡት፣ 56 ለተበላሸው ይነሳል፤ 112 ወደ ግል ይሄዳል፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀረው የክምችት ዋጋም የ37ቱ፣ 2,072 ይሆናል።

የተበላሸውን ቦርሳ ከመጣልዎ በፊት ፎቶ አንሡት፤ የተበላሸበትን ቀንና ምክንያትም ከታች ጽፈው ይፈርሙበት። ቆዳውንም ቢሆን በዓመቱ የመጨረሻ ቀን በካሬ ጫማ ለክተው፣ ተቆርጦ ያልተሰፋውን ለብቻ መዝግበው ያስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት የመክፈቻ ክምችት ሆኖ የሚያገለግለው የዚያ ቀን ቆጠራ ነው።